ጥቁር ጥለት

የወሰዱን ከትምህርት ላይ ነው። ነቀምቴ ከገበያው ከፍ ብሎ በተከራየነው አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ሴቶች የእጅ ሥራ እናስተምር ነበር። እኔ ሠዓሊ ነኝ፤ ጨርቅ ላይ ማተምና ቀለም መንከር አሳያለሁ። ስፌት የሚያስተምሩት ከዲጋ የሚመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ትልቅ ትንሹ «አዮ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ እናት እንደማለት።

መሣሪያ የያዙት ሰዎች ሲገቡ ሴቶቹ አለላቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ደርቀው ቀሩ። አንደኛው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሌማት አወረደና ቀዩን፣ ጥቁሩንና ነጩን በጣቱ እየነካካ፣

«ይሄ የማን ባንዲራ ነው?» አለ።

«የእንጀራ ነው» አሉ አዮ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹን በተኑና እኛን ሁለታችንን መኪና ላይ ጫኑን።

ያስገቡን ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። የነቀዘ በቆሎ ይሸታል። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍተት ነው። ዝናብ ሲመታ አጠገብሽ ያለችው ሴት የምትለው አይሰማም። ቀድመውን የታሰሩት ሴቶች እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልን።

ከጎኔ የደረሰችኝ ከጎጃም ተመድባ ኡኬ ከተማ የምታስተምር ወጣት መምህርት ነበረች። ስልኳ ውስጥ ፎቶ ተገኘ ብለዋታል፤ የምን ፎቶ እንደሆነ ግን አልነገሯትም። አባቷ ታመው ስለነበር ወሬዋ ሁሉ እሳቸው ነበሩ። «ስወጣ ይዤው ባሕር ዳር እሄዳለሁ፤ እዚያ ጥሩ ሐኪም አለ» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ በሩ ተከፈተ። ጠባቂዋ የስንቅ ፌስታሉን ለመምህርቷ አቀበለቻትና እንደ ወትሮዋ ቶሎ አልዘጋችም። በሩን ይዛ ቆመች።

«ስንቁን ያመጣችው ጓደኛሽ ናት» አለች። «አባትሽ አርፈዋል ብላለች። ቀብሩም አልፏል።»

«መቼ?»

«አልጠየቅኳትም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጩኸት እንዳይሰማ፤ አዛዡ ግቢ ውስጥ ነው» አለችና ዘጋችው።

መምህርቷ አልጮኸችም። ፌስታሉን ፈታች፣ እንጀራውን አየት አደረገችው፣ መልሳ ቋጠረችው። አንዲት ሴት ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳችና አየር ላይ ተወችው።

«እኛ አገር ድንኳን ይተከላል» አለች መምህርቷ። «አገሩ ሁሉ ይመጣል። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፤ ፊት የምቀመጠው እኔ ነበርኩ።» የነጠላዋን ጠርዝ ይዛ ተመለከተችው። ጥለቱ አረንጓዴ ነበር። «በዚህ ነው የማለቅስለት? በአረንጓዴ?»

አዮ አማርኛ ሲፈጥን ያመልጣቸዋል። ምን እንዳለች ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ለቅሶ በመዝሙር ነው እንጂ ጥቁር መልበስ ደስ አይላቸውም። እንዲያም ሆኖ ዙሪያውን ቃኙና፣

«ጥቁር ክር ማን ጋ አለ?» አሉ።

እኔ ጥቁር ሹራብ ለብሼ ነበር። ከታች ጫፉን ፈልጌ ሳብኩት፤ ክሩ እየተጠማዘዘ መተርተር ጀመረ፣ ሴቶቹ በጣታቸው እየጠቀለሉ ተቀበሉኝ። መርፌ ክልክል ነው። አዮ ከመጥረጊያው ጠንካራ አንድ እንጨት መዘዙ፣ ጫፉን በጥርሳቸው ሰነጠቁና ክሩን አስገቡበት። ነጠላውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አረንጓዴውን በጥቁር መሸፈን ያዙ። ጥቂት ሰፍተው ለሚቀጥለዋ ሰጧት።

«አትቸኩዪ» አሏት። «ክሩን ሳቢ፣ ግን ጨርቁ እንዳይኮማተር።»

እጅ ሳይለምድ የሰፋውም አለ፣ አዮ ፈትተው ያሰፉትም አለ። እያንዳንዷ ድርሻዋን ጨርሳ ስታቀብል ወደ መምህርቷ ዞራ ታጽናናታለች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የምትል አለች፤ «ዋቃዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» ብላ ያንኑ በኦሮምኛ የምትል አለች። እሷ ለሁሉም አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች።

«አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አልኳት።

«ገበሬ ነው፤ ንብ አናቢም ነው» አለች። «ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚሰማው። ወለጋ ደረሰኝ ስለው አኮረፈኝ፣ ሩቅ ነው ብሎ። በኋላ ግን ፍራሼን እሱ ነው ተሸክሞ አውቶብስ ድረስ…»

ፍራሹ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። አዮ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አስተኙና እላይዋ ላይ አጎነበሱ። «ጀባዹ፣ ኢንታላ ኮ» አሏት፤ በርቺ ልጄ። እኛም በተራችን በየእጃችን መዳፍ ውስጥ አለቀስን።

ማምሻውን ለቆጠራ ግቢ ተሰለፍን። መምህርቷ ነጠላዋን በጥቁሩ ጥለት ተከናንባ ነበር። አዛዡ ፊቷ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለቅሶ ላይ ነኝ።»

«ክሩ ከየት መጣ?»

«ከእኔ ሹራብ ነው» አልኩ። ሹራቤ ከሆዴ በታች አልቆ ነበር።

«ምልክት ማድረግ አይቻልም። አውልቂ።»

አዮ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲሉ መምህርቷ እጃቸውን ያዘች። ነጠላዋን ራሷ አወለቀች። አራገፈችው፣ ማዕዘኑን ከማዕዘን እያገናኘች፣ ጥቁሩን ወደ ላይ አድርጋ አጠፈችው። ከዚያ በሁለት መዳፏ ይዛ ዘረጋችለት።

«አባቴ ነው» አለችው። «መሬት ላይ እንዳይጥሉት።»

አንድ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ዱላውን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና በሁለት እጁ ተቀበላት። የት እንደሚያኖረው ያወቀ አይመስልም፤ እንደታቀፈው ቆጠራውን አስቀጠለ። እሷ ባዶ ራሷን ቀጥ ብላ ቆማ ስሟ ሲጠራ «አቤት» አለች። ነጠላውን አልመለሰላትም።

ከሳምንታት በኋላ እሷን ከሌሎች ጋር ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት። የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ ጠይቄ አላገኘሁም። እኔንና አዮን ፍርድ ቤት ሳያቀርቡ ለቀቁን። አዮን እዚያ የያዛቸው ሳል አልለቀቃቸውም፤ ክረምቱ ሳያልቅ ዲጋ ቤታቸው አረፉ። ዘማሪዎቹ ሲዘምሩ መሐላቸው ተቀምጬ ነበር፤ መዝሙሩን ባውቀውም አፌ አልከፈት አለኝ።

አዳራሹን እንደገና ከፍተናል። ከድሮዎቹ ሴቶች የሚመጡት ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት ይፈራሉ፣ አልፈርድባቸውም። ስፌቱንም እኔ አስተምራለሁ። የእኔ ሌማት ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ተማሪዎቹ እያዩ ዝም ይሉኛል።

አንዳንዴ ሥራ ላይ ሆነን፣ እዚያ ውስጥ ምን ሆናችሁ ብለው ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ለማናውቀው የጎጃም ገበሬ ለቅሶ ተቀመጥን እላቸዋለሁ። እጃቸውን ከሥራ አቁመው ሌላ ነገር እስክጨምር ይጠብቃሉ። እኔ አለላዬን አንስቼ ስፌቴን እቀጥላለሁ።