ሙሉቀን የሳመው ባዶ ቦታ

ዛሬ ሞጣ ላይ ሙሉቀን ጎል አገባ፤ እኔ ግን ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።

ቡድናችን ከቢቸና ወደ ሞጣ ከተዛወረ ወዲህ ላየው የሄድኩት ዛሬ ገና ነው። ስሙ ተቀይሯል፤ አረንጓዴው ማሊያም ሰማያዊ ሆኗል። ልጆቹ ግን እነዚያው ናቸው።

አጠገቤ የተቀመጡ የሞጣ አዛውንት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"አሳድጋችሁ ዳራችሁልን። እንግዲህ አማት ሠርግ ላይ አያኮርፍም" አሉና ከቆሎአቸው ዘግነው ሰጡኝ።

ቆሎው ጥሩ ነበር። ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም።

የድሮውን አርማ በእጃቸው የሚሰፉልን የቢቸናው ልብስ ሰፊ ጋሽ አየለ ነበሩ። "ልብ ያለው በግራ ነው" ብለው ግራ ደረት ላይ ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። ጎል ያገባ ሁሉ አርማውን ይስም ነበር። አዲሱ ማሊያ ላይ አርማው መሀል ደረት ላይ ታትሟል።

ሙሉቀን ጎሉን እንዳገባ ወደ ተመልካቹ ሮጠና እንደ ልማዱ የግራ ደረቱን ጨርቅ ጎትቶ ሳመ። እዚያ ምንም የለም። ጨርቁን አየት አድርጎ ቀስ ብሎ ለቀቀው።

ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ እጄ ላይ ቆሎ ስለነበር አላጨበጨብኩም።

ቡድን የሄደባችሁ ካላችሁ፣ የድሮውን ማሊያ ምን አደረጋችሁት? እኔ ከጃኬቴ ሥር ለብሼው ሄጄ፣ ዚፑን ሳልከፍት ተመልሻለሁ።