አማት የሚመስል ዓሣ

ከአየር ጤና በተሳፈርኩበት ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች። በማጉያ መነጽር የምታፈጥበት ብልቃጥ ውስጥ ግን ጣት የማያክሉ ሁለት ዓሦች አልኮል ውስጥ ተነክረዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ለማን ሊበቃ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ አይበሉም! ጎቢ ይባላሉ፤ በሆዳቸው ክንፍ ድንጋይ ላይ ይለጠፋሉ። መልካቸው አንድ ነው፤ የዚህኛው የጀርባ እሾህ ከተለመደው ስድስት በአንድ ከበለጠ ግን አዲስ ዝርያ ነው። ስም የማወጣለትም እኔ ነኝ።»

«ማን ልትዪው?»

«ዋጋነሽ፤ በአማቴ ስም። በሠርጌ ማግስት እሳቸውም ስም አውጥተውልኝ የለ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አፉ ሰፊ ነው፤ አንዴ ከያዘም አይለቅም። እሳቸው ይህን አያውቁም፤ ደስ ብሏቸው ለዕድሩ ሁሉ አውርተዋል።»

ቆጠረች፤ ስድስት። ሚኒባሱ ጉድጓድ ገብቶ ሲያነጥረን ደግማ ቆጠረች፤ ሰባት። ሦስተኛውን ቆጠራ ፈርታ ተወችው።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ስትወርድ ብልቃጡን ጉያዋ ወሽቃ በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ለስም ማውጫው አማቴ ቅዳሜ በግ ሊያሳርዱ ነው። እባክዎ፣ አንዲት እሾህ እንዲጨምርልኝ ይጸልዩልኝ!»