ሆደ መስታወቷ ጀልባ

መጀመሪያ አውራ ጣቱን በጀልባዋ ወለል መስታወት ዙሪያ ያስኬዳል። ጣቱ እርጥብ ሆኖ ከተመለሰ ማሸጊያው ሲልከን ለቋል ማለት ነው፤ ደርቆ ከተመለሰ ወደሚቀጥለው ሥራ ያልፋል። በሁለት ግንድ ላይ ከተሰቀለችው ጀልባ ሥር በጀርባው ይጋደምና ከመስታወቱ ውጪ የተጣበቁትን ጥቃቅን ዛጎሎች በምላጭ ይፍቃል። ምላጩን አጋድሞ ነው። ያቆመው እንደሆነ ይጭራል፣ ጭረት ደግሞ መድኃኒት የለውም። ከዚያ በባልዲ የቧንቧ ውሃ ያጥባል፣ አቼቶ በነካ ጨርቅ ይወለውላል፣ በመጨረሻም ወደ ውስጥ ገብቶ በጋዜጣ እያሸ ያደርቃል፤ የገዛ ጢሙን እስኪያይበት ድረስ።

የመሳፈሪያው ሰው ሁሉ «ካፒቴን» ይለዋል። ለቀልድ ነው፤ መርከቡ ስምንት እንግዳ ሲጫንባት የምታቃስት ጀልባ ናት። ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ ፀሐይ ወደማትጠፋባት ወደዚች የወደብ ከተማ የመጣ እንግዳ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ሳያገኝ አልሄደም። ቱሪዝም ቢሮው የሚያድለው «ምን ይጎብኙ?» የሚል ወረቀት አንደኛ የመብራት ማማውን፣ ሁለተኛ የጨው ገንዳዎቹን፣ ሦስተኛ የዓሣ ገበያውን ይልና አራተኛ ላይ እሱን ያስቀምጣል፦ በመስታወት ወለል ጀልባ የባሕር ውስጥ ጉብኝት።

ችግሩ፣ የሚጎበኘው እያለቀ መጣ። ትልልቅ መርከቦች እንዲገቡ ተብሎ የወደቡ ወለል ሦስት ዓመት ተቆፈረ። ጭቃው ተነሥቶ፣ ኮራል በሚሉት በዚያ ሕይወት ባለው የድንጋይ አበባ ላይ ተኛበት። አበባው ነጣ፣ ከዚያ ግራጫ ሆነ፣ ዓሣዎቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ከማማው ጀርባ፣ ቋጥኙ የከለላት የአንዲት ክፍል ቤት ስፋት ያላት ቦታ ብቻ ተረፈች። እሷን የሚያውቋት እሱና ሚስቱ ናቸው።

ቢሮው ወረቀቱን እንደገና ሊያሳትም ሲነሣ ተቆጣጣሪ እንደምትመጣ ለካፒቴን ተነገረው። የሚታይ ነገር ካገኘች አራተኛው ይቆያል። ካላገኘች ይወጣል፣ የጀልባዋም ማሰሪያ ቦታ ለፈጣኖቹ የሞተር ጀልባዎች ይሰጣል። ሌላ ማሰሪያ የለም።

«ፀጉርህን እንኳ አበጥር እንጂ፣» አለችው ሚስቱ በዚያን ቀን ጠዋት።

«የቢሮው ልጅ የምታየው የታቹን ነው። የላዩን ማን ያየዋል?»

«የላዩንማ እኔ ስንት ዓመት አየሁት፤ ካሣ የሰጠኝ የለም።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጡ፤ ፀሐይ ውሃውን ቀጥ ብላ የምትወጋበት ሰዓት ነው። ወጣቷ ተቆጣጣሪ መዝገቧን በላስቲክ ጠቅልላ፣ የሕይወት ጃኬቷን እስከ አገጯ ቆልፋ መሃል ተቀመጠች።

ባልና ሚስቱ አንድ ሕግ አላቸው፦ ከኮራል በላይ መልሕቅ አይጣልም። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው በተቃራኒ ይቀዝፋሉ፤ ጀልባዋም በሁለቱ መሃል እንደተቸነከረች ትቆማለች። እንግዶች ፎቶ ሲያነሡ እነሱ ትከሻቸው እስኪዝል ይታገላሉ።

ደረሱ። ልጅቷ በሆዷ ተኝታ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

«ወይኔ ጋሼ! ይሄ ቢጫው ምንድን ነው? ... አመለጠን! መልሱኝ እባካችሁ።»

መለሷት። የተቆፈረው ቦይ ሞገዱን ሌላ አድርጎታል፤ ጀልባዋ እንደ እልኸኛ በቅሎ ወደ ጎን ትጎትታለች።

«አሁንም አለፈን እኮ። አንዲት ፎቶ ብቻ!»

ሦስተኛ ጊዜ ሲያመልጣቸው ካፒቴን መቅዘፊያውን ጥሎ መልሕቁን አነሣ።

«አንተ ሰውዬ! ምን ልትሆን ነው?» ጮኸች ሚስቱ።

«አሸዋው ላይ ነው የምጥለው። አሸዋውን አውቀዋለሁ፣ አንቺ ቅዘፊ።»

እውነቱን ነው፣ መልሕቁ ያረፈው አሸዋው ላይ ነበር። አሸዋው ግን የድሮው አልነበረም፤ ከላዩ ክንድ የሚያህል የቁፋሮ ጭቃ ተኝቶበታል። መልሕቁ የሚነክሰው ነገር አጣ። ሞገዱ ጀልባዋን ሲገፋ ብረቱ ተከትሎ ተጎተተና በዚያች አንዲት ክፍል በምታህል ቦታ መሃል ከዳር እስከ ዳር አረሰ። ሦስቱም አዩት። መስታወቱ ጥርት ብሎ ነበር። ቢጫው ኮራል ተገነደሰ፣ ነጭ አቧራ ተነሣ፣ ከዚያ ምንም አልታይ አለ።

ካፒቴን ገመዱን ሲስብ መልሕቁ ስብርባሪ ይዞ ወጣ።

«ጋሼ፣» አለች ልጅቷ፣ «ፎቶው ይቅር ልል ነበር እኮ። በቂ አይቼ ነበር፤ ጽፌዋለሁ።» መዝገቧን አሳየችው። እውነትም ጽፋ ነበር፦ «ይቆይ»። «ሌላ እንዲህ ያለ ቦታ ካለ ልክ እንደጻፍኩት ልተወው። አለ?»

ሚስቱ ከኋላ በመቅዘፊያው እጀታ ጀርባውን ነካ አደረገችው።

«የለም፣» አለ።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አወጣች። ከዚያ የጻፈችውን ሰረዘችው።

አዲሱ ወረቀት ሦስት ነገር ብቻ ይዞ ወጣ። ጀልባዋ ግቢያቸው ውስጥ ተደፍታለች፤ ሚስቱ አንሶላ ታሰጣባታለች። ጀርባውን የነካችው «አለ በል» ለማለት ይሁን «እውነቱን ተናገር»፣ ሁለቱም አንሥተውት አያውቁም። አሁንም እንግዳ መንገድ ላይ አስቁሞ ምን ልጎብኝ ብሎ ሲጠይቀው ይመራዋል፦ ጨው ገንዳዎቹ ጋ ነጸብራቁ ዓይን ሳያሳምም በጠዋት ሂድ፤ ዓሣ ገበያው ወለሉ ያንሸራትታል፣ ነጠላ ጫማ አታድርግ። ስለ ባሕሩ ውስጥ ከጠየቁት ድሮ ነበር ብሎ ያልፋል።

ይህን ለምታነቡ ግን አንድ ጉዳይ አለው፤ እንዲህ ይላል፦ «ያን ሁሉ ዓመት እጄ መቅዘፊያ ላይ ነበር፣ አንድም ፎቶ አላነሣሁም። እናንተ ግን አንሥታችኋል። በጀልባዬ ከወጣችሁ፣ ወይም የወጣ ዘመድ ካላችሁ፣ በመስታወቱ ውስጥ የተነሣች አንዲት ፎቶ ፈልጉልኝ። መሳፈሪያው ቲኬት መስኮት ላይ ‹ለካፒቴን› ብላችሁ ብትተዉልኝ ይደርሰኛል። የእኔ እግር ገብቶባታል፣ ደብዝዛለች ብላችሁ አትጣሏት። እንዳለች ላኩልኝ።»