እትዬ አልጋነሽና የአዳራሹ የስፌት መኪና

ባለፈው ጥቅምት ለልጄ የስፌት መኪና ልገዛላት ደብረ ብርሃን ከገበያው በላይ ካለ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ወጣት ነው። አንዱን መኪና ገልጦ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገለትና ቁራጭ ካኪ ከመርፌው ሥር ከትቶ አስጮኸው። የዘይቱና የካኪው ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ።

"ይኼ ስፌትም ጥልፍም አንድ ላይ ይሠራል። እነዚህ ደግሞ ለየብቻ ናቸው፤ አንዱ ስፌት፣ አንዱ ጥልፍ። የትኛው ይሁንልዎት እናቴ?" አለኝ።

"ለየብቻ!" አልኩት። ያን ያህል ቶሎ መመለሴ ገርሞት መሰለኝ፣ ፈገግ አለ። እሱ ያልተወለደበትን ዘመን እያሸተትኩ እንደሆነ በምን ያውቃል።

እትዬ አልጋነሽ ጎረቤታችን ነበሩ። የእኛንና የእሳቸውን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለነበር፣ የእሳቸው መኪና ሲሠራ የእኛ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይንቀጫቀጩ ነበር። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። የመለኪያ ሜትር ከአንገታቸው አይወርድም። ሹራባቸው ደረት ላይ ክር የገባባቸው ሁለት ሦስት መርፌዎች ይሰኩ ነበርና፣ እኔን ማቀፍ ሲያምራቸው መጀመሪያ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ነቅለው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ልጅ ሆኜ በዚያ መሃል ያለችው ጥበቃ ረዥም ትመስለኝ ነበር።

ልጇን የምትድር እናት ከአንኮበር፣ የሻሽ ጠርዝ የምታስጠልፍ ነጋዴ ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው እሳቸው ዘንድ ይመጣሉ። ስፌቱን ወርቃማ አበቦቹ ተፍቀው ባለቁ ጥቁር የእግር መኪና ይሰፋሉ፤ ጥልፉን ግን ጨርቁን በክብ እንጨት ወጥረው በእጃቸው ነበር የሚጠልፉት። ለጥልፍ የሚሆን መኪና አልነበራቸውም።

ባላቸው አስተማሪ ነበሩ። መልካቸውን አላስታውስም። እኔ ገና ድክ ድክ ስል አንድ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ከዚያ ስብሰባ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ጥያቄው ምን እንደነበር ዛሬም የነገረኝ የለም። እትዬ አልጋነሽ ምግብ ቋጥረው እስር ቤቱ ደጃፍ ሲመላለሱ ከረሙ። አንድ ቀን ዘበኛው "ከእንግዲህ አታምጪ" አላቸው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ለእንደዚያ ያለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። እናቴ እንደምትለው፣ ያን ቀን እትዬ አልጋነሽ ቤታቸውን ዘግተው መኪናው ላይ ተቀመጡና አንድም ጨርቅ ሳያስገቡ ባዶውን ሲረግጡት ዋሉ። የመኪናው ጩኸት የእሳቸውን ድምፅ ይሸፍንላቸው ነበር።

ይህን እያወቅን ነው እንግዲህ የኖርነው። ሁሉም ሰው ዝቅ ብሎ ይናገራል። ሰው የሚወስዱበት ላንድሮቨር በሠፈሩ ሲያልፍ እናቴ የያዘችውን ነገር እንደያዘች ቀጥ ትላለች፤ ድምፁ እስኪርቅ አትተነፍስም። አባቴ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ ደብዳቤው ተቋርጧል። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከተወሰደች ማን ዘንድ እንደማድር አስብ ነበር፤ ማንም በሐሳቤ አይመጣልኝም ነበር።

ቀበሌያችን የሴቶች የስፌት ማኅበር ሲያቋቁም እትዬ አልጋነሽ ኃላፊ ተደረጉ። ተጠይቀው አልነበረም፤ ስማቸው ተነበበ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። እናቴ የሺም አባል ሆነች። ለማኅበሩ የሚገዛ መኪና ተፈልጎ ከአዲስ አበባ ሁለት ምርጫ መጣ። አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ስፌትንም ጥልፍንም አጣምሮ የያዘ አዲስ መኪና ነው። ሌላው ደግሞ ሁለት የእግር መኪናዎች፣ አንዱ ለስፌት፣ አንዱ ለጥልፍ። በዋጋ አይራራቁም ተባለ። ውሳኔው በማግስቱ በስብሰባ ይሆናል።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ከሰዓት እትዬ አልጋነሽ እኛ ቤት ገብተው ተቀመጡ። በሩን እናቴ ገርበብ አደረገችው።

"እርስዎ የትኛውን ይመርጣሉ?" አለቻቸው።

ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። "የሺዬ፣ እኔ ብሆን ሁለቱን ለየብቻ ነው የምወስድ። ያ ጥምሩ ለቤት ደህና ነው፤ ቦታ አይፈጅም፣ ለልጅ ቀሚስ፣ ለትራስ ልብስ ይበቃል። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ካኪ ልንሰፋበት ነው። ለጥልፉ መርፌውን ወዲያ ወዲህ የሚያወዛውዘው ዕቃ ስስ ነው፤ ካኪ ይሰብረዋል። ደግሞ ከስፌት ወደ ጥልፍ ሲዞር ጨርቁን የሚጫነው እግር ይወልቃል፣ ከሥር የሚገፋው ጥርስ ይወርዳል፣ ክሩ ይላላል። ወደ ስፌት ሲመለስ ይኸው ሁሉ እንደገና! አንዷ ስትሰፋ ጠላፊዋ እጇን አጣጥፋ ልትቀመጥ ነው? አንድ ቀን የተበላሸ እንደሆነ ሁለቱም ሥራ ቆመ ማለት ነው።"

"ታዲያ ነገ ይንገሯቸዋ።"

"ጓድ ታፈሰ ጥምሩን ወዶታል" አሉ። ጓድ ታፈሰ የቀበሌው ሊቀመንበር ነበር።

በማግስቱ እናቴ የምታስቀምጠኝ ሰው ስላልነበራት ይዛኝ ሄደች። አዳራሹ የአንድ ባላባት እህል ማከማቻ የነበረ ነው፤ ቁር ከወለሉ ይነሳል። ግድግዳው ላይ የሦስት ጢማም ፈረንጆች ሥዕል ተሰቅሏል። በሩ ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጓድ ታፈሰ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነበር። ስለ ጥምሩ መኪና ብዙ ተናገረ፤ አንድ መሣሪያ ሁለት ሥራ መሥራቱ የሠራተኛውን ጉልበት እንደሚያድን፣ በእግር መርገጥ ግን ያለፈው ሥርዓት እንደሆነ፣ ይህን የሚቃወም ቢኖር የኋላ ቀርነት ጠበቃ መሆኑን። ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ እኛ ዞረ።

"ጓድ አልጋነሽ፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ። ይሆናል አይሆንም?"

እናቱ በምትሆን ሴት ዕድሜ ያሉትን ሰው "አንቺ" ማለቱ እኔን እንኳ ሰቀጠጠኝ። እትዬ አልጋነሽ ተነሡ። ቀኝ እጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር ይጠቀልላል፣ ይፈታል። አፋቸው ተከፈተ። በዚያች ቅጽበት ማንን እንዳሰቡ አሁን ሲገባኝ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

"ጥሩ ነው" አሉ።

ጸሐፊው ጻፈው። ተጨበጨበ። እትዬ አልጋነሽ ሲቀመጡ ወንበሩን ስተው ሊወድቁ ነበር፤ እናቴ ያዘቻቸው።

መኪናው በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ መጣ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በደህና ሠራ። ከዚያ የአብዮት በዓል ሲቃረብ ትእዛዝ ወረደ፤ ለሚሊሺያዎች የካኪ ልብስ እንዲሰፋ፣ ለሰልፉ ደግሞ ትልቅ ባንዲራ ላይ መዶሻና ማጭድ እንዲጠለፍ። ሁለቱም ለአንድ ቀን። ጠዋት ካኪ፣ ከሰዓት ጥልፍ፤ እግሩ ይወልቃል፣ ይገባል፤ ክሩ ይጠብቃል፣ ይላላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ቁጭ።

አንድ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ተራው የእናቴ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች በጓሮ በኩል ቁልፍ ይተክላሉ፤ አዳራሹ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነን። የኪሱ ማዕዘን ላይ ካኪው አራት እጥፍ ሆነ። መርፌው ሲደርስበት ቀጭን አጥንት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ወጣ። መርፌው ተቀንጥሶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሞተሩ ዝም ብሎ ያጓራል እንጂ ከላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። እናቴ ሶኬቱን ነቀለችና ሁለት እጇን መኪናው ላይ ጫነች፤ የታመመ ሰው ትኩሳት የምታይ ትመስል ነበር። ፊቷ አመድ ሆነ።

"አንቺ ምንም አላየሽም" አለችኝ። "ሰማሽኝ? እዚህ አልነበርሽም።"

በማግስቱ ጠዋት አባላቱ በሙሉ ተጠራን። ጓድ ታፈሰ አልተቀመጠም። ከፊቱ የተሰበረው መኪና አለ።

"ይኼ ብልሽት አይደለም፣ አሻጥር ነው" አለ። "ትናንት መኪናው ላይ የነበረው ማን ነው?"

የተራ መዝገብ አልነበረንም፤ የሚያውቁት ሁሉ ያውቃሉ፣ ግን ሁሉም ወለሉን ያያል። እኔ ከእናቴ ጋር ተጣብቄ ነበር። ጥርሴ እንዳይጋጭ ነጠላዋን ነከስኩ።

"እጠይቃለሁ! ማን ነበር?"

እናቴ ልትነሣ ስትል እትዬ አልጋነሽ ከኋላ ትከሻዋን ተጭነው እሳቸው ተነሡ። ሰው ያየው አንዲት አሮጊት ተደግፋ ስትነሣ ነው። እኔ ግን ጣቶቻቸው እናቴን ወደ ታች ሲጫኗት አይቻለሁ።

"መኪናውን ሰው አልሰበረውም" አሉ። "ካኪው ነው የሰበረው። እንደሚሰብረው አስቀድሜ አውቅ ነበር። ለስፌትና ለጥልፍ ለየብቻ መግዛት ነበረብን። ስጠየቅ ግን ጥሩ ነው አልኩ። ፈርቼ ነው።"

"ማንን ነው የፈራሽው?" አለ ጓድ ታፈሰ።

ቀና ብለው አዩት።

"አንተን፣ ልጄ።"

አንድ አብዮት ጠባቂ ጉሮሮውን ጠረገ። ጓድ ታፈሰ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ድምፁ ቀጠነ። "መኪናው ላይ የነበረውን ሰው ስም ነው የጠየቅሁት!"

"የማኅበሩ ኃላፊ እኔ ነኝ። እኔን ጻፍ።"

ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ለእናቴ ሰጧት። ቀጥለው መርፌዎቹን ከደረታቸው ነቀሉና እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጧቸው። በሁለቱ ጠመንጃዎች መካከል ሆነው ወጡ።

ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ክፍል አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። እናቴና እኔ በየቀኑ እኩለ ቀን ምግብ እንወስድላቸዋለን። ዘበኛው ሳህኑን ተቀብሎ ይገባል፤ እኛ ንፋሱ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። የዚያን ዘበኛ አፍ እንዴት አድርጌ እንዳየሁት! ሲመለስ ሳህኑ ባዶ ከሆነ እትዬ አልጋነሽ በልተዋል፤ አሉ ማለት ነው። በስምንተኛው ቀን ባዶ እጁን ወጣ። እናቴ ግድግዳውን ያዘች።

"ሳህኑስ?" አለች።

"ተኝታ ነው የደረስኩት። ነገ ውሰጂ" አለን። በማግስቱ ሁለቱም ሳህኖች ታጥበው ሲመጡ እናቴ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ አስመለሳት።

የበዓሉ ቀን እየተቃረበ ነበር። ሴቶቹ የእትዬ አልጋነሽን አሮጌ መኪና ከቤታቸው በወሳንሳ ተሸክመው አዳራሽ አስገቡት፤ ስፌቱ ቀጠለ። ኮሌታውንና ኪሱን ግን እንደሳቸው የሚቆርጥ አልተገኘም። ባንዲራውን የሚነካውማ ጭራሽ የለም። ከአውራጃው ደጋግመው ሰው ላኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጓድ ታፈሰ በሩን አስከፈተ።

እትዬ አልጋነሽ ወጥተው ማንንም ሳያዩ አዳራሽ ገቡ፣ ፊታቸውን ታጠቡና መቀሱን አነሡ። ካኪው በመኪና፣ ባንዲራው ስድስት ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠውበት በእጅ ተሠራ። ደረሰ። የተባለ ነገር የለም። ከበዓሉ ሁለት ወር በኋላ ሁለት የእግር መኪናዎች፣ አንዱ ለስፌት አንዱ ለጥልፍ፣ በጭነት መኪና መጥተው አዳራሹ ደጃፍ ወረዱ። ስብሰባ አልተጠራባቸውም።

አንድ እሑድ እናቴ "እንደ እርስዎ ያለ ደፋር አላየሁም" ብትላቸው እትዬ አልጋነሽ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። "ደፋር? የሺዬ፣ ያን ቀን ቀሚሴ ውስጥ ምን እንደሆንኩ ብነግርሽ ቡናውን አትጠጪውም!" ላንድሮቨር ሲያልፍ እሳቸውም እንደ እኛ ቀጥ ማለታቸውን አልተዉም፤ እንዲያውም ከእስሩ በኋላ ባሰባቸው። ጥልፍ ሲይዙ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አንኮበር እህታቸው ዘንድ ገብተው እዚያው አረፉ። እናቴና እኔ ለለቅሶ ስንደርስ ጉሙ ቤቱን ውጦት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች ስለ እጃቸው ሙያ፣ ስለ ቁጥብነታቸው ይናገራሉ። እናቴ፣ በራሷ ቤት እንኳ በሹክሹክታ ስትናገር የኖረችው እናቴ፣ በድንገት ተነሣች።

"መኪናው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ" አለች።

ሰዉ ዞሮ አያት። ምን እንደምትል የገባው አልነበረም። እሷ ግን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ የካኪውን እጥፍ፣ የመርፌውን ድምፅ፣ ትከሻዋን የተጫናትን እጅ። ስትጨርስ የእትዬ አልጋነሽ እህት ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።

በማግስቱ በአውቶቡስ ስንመለስ እናቴ ስለ አባቴ ነገረችኝ። እንዴት አድርገው ለሚሊሺያ ከቤት እንደወሰዱት፣ መሞቱን ማን እንደነገራት፣ እኔ እንዳልሰማ ልቅሶዋን የት ትደብቅ እንደነበር። አውቶቡሱ ሙሉ ነበር፤ ከፊታችን የተቀመጡት ዞር ዞር እያሉ ያዩናል። እናቴ ደብረ ብርሃን እስክንገባ ድምፅዋን አልቀነሰችም።