ገንፎው ልክ ነበር

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና ክረምት ላይ፣ ሞጣ ከተማ ነው። በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ብዙ ሰውም ረድቻለሁ። ይህ ግን ከሁሉም ይልቅ ትዝ የሚለኝ፣ ሁሉን አሰናድቼ ጨርሻለሁ ባልኩበት ጊዜ ልጄን ላጣት ጥቂት ስለቀረኝ ነው።

እኔ የቢቸና ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በገዛ ራሴ፣ ጆንያና የሱቅ በር ላይ የተጻፈውን እየጠየቅሁ ነው። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩትም አንዱን ፈትቼ መልሼ በመግጠም ነው። ዛሬ ቢቸና ውስጥ የውሃ ሞተር እምቢ ሲል፣ ወፍጮ ሲቆም፣ “አያ ታከለን ጥሩ” ነው የሚባለው። ለጉራ አይደለም፤ ያገሩ ሰው ይመሰክራል።

ትልቋ ልጄ ይታይሽ ያገባችው ሞጣ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ እናቷ በሕይወት አልነበረችም፤ የባሏም እናት እንዲሁ። በእኛ አገር ሴት የበኩር ልጇን ስትወልድ አራስነቷን የምትጨርሰው በእናቷ እጅ ነው። እኔም “እናት ከሌለች አባት አለ” አልኩና ሆዷ ሳይገፋ ዝግጅቱን ያዝኩት።

ገብሱን ራሴ መርጬ ገዛሁ፤ አስቆልቼ አስፈጨሁ። ቅቤ አስነጠርኩ። ለመነሣት እንዳትቸገር ዝቅ ያለ፣ መደገፊያ ያለው አልጋ በእጄ ሠራሁላት። የቀረው ገንፎው ነበር። ገንፎ የማያውቅ ሰው አራስ እጠብቃለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ማማሰያ ጠረብኩ፤ እሳት ለኮስኩ፤ ልምምድ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ጓጎሉ፤ ውሻዬ ወፈረ። ጎረቤቴ ውዴ በአጥር አሻግራ እያየች ትስቅብኝ ነበር።

“አያ ታከለ፣ የሚወልዱት እርስዎ ነዎት ወይስ ልጅዎ?”

“ሳቂ፤ ቀምሰሽ ትፈርጃለሽ” አልኳት።

በኋላ ቀምሳ ዝም አለች። ውዴ ዝም ካለች ትልቅ ምስክርነት ነው። “አብሬዎት ሞጣ ልሂድ?” ብትለኝም “እኔ እያለሁ ለምን ትደክሚያለሽ?” ብዬ ትቻት ሄድኩ።

ይታይሽ ሆስፒታል ሴት ልጅ ተገላግላ በሰላም ቤቷ ገባች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጥቂት ሰንብቶ ሥራ ወጣ። እኔ አልጋዋ ፊት መጋረጃ ዘረጋሁ። በእኛ ቤት አባት የአራስ ልጁን መጋረጃ አያልፍም። ገንፎውን በመጋረጃው ጥግ አቀብላታለሁ፤ ሳህኑንም በዚያው እቀበላለሁ።

አራስ እንቅልፍ እንደሚያስፈልጋት በሬዲዮ ሰምቼ ስለነበር ለጠያቂውም መላ አበጀሁ። በረንዳው ላይ አግዳሚ ሠራሁ። ሴቶቹ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ብለው ከዚያው ይመርቃሉ፤ ገንፎዬን ቀምሰው ይሄዳሉ። ቅር ያላቸው ነበሩ። አንዷማ “ዘብ የቆመላት አራስ ገና ዛሬ አየሁ” ብላ ሄደች። እኔ ግን ቤቱ ጸጥ በማለቱ ኮራሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ሳህኑ ተጠርጎ ይመለስ ነበር። ከዚያ ግማሹ ይመለስ ጀመር፤ ቀጥሎም እንዳለ።

“ምን ጎደለው?” አልኳት በመጋረጃው በኩል።

“ምንም አልጎደለውም አባዬ፤ ጠግቤ ነው።”

“ደህና ነሽ ግን?”

“ደህና ነኝ።”

ጥፋቱን ገንፎው ላይ ፈለግሁ። ወፍሮ ይሆናል ብዬ አቀጠንኩት። ቅቤው በዝቶ ይሆናል ብዬ ቀነስኩ። ሌላ ዱቄት አስፈጨሁ። ሞተርም የሚጠገነው እንዲሁ ነው፤ አንዱን ቀይሮ ማየት፣ ካልሆነ ሌላውን። ሳህኑ ግን ሳይነካ ይመለሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሐዋ የሚባሉ ጎረቤቷ መጡ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ለንግድ ወጥተው ሰንብተው መመለሳቸው ነበር። ከዚያ በፊት አንተዋወቅም። አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸውና ገንፎ አቀረብኩ።

“እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልጄ አልበላ ብላኛለች። ምኑ ነው የጎደለው?”

ጎረሱ፤ አጣጣሙ። ደግመው ጎረሱ።

“ገንፎውስ ልክ ነው” አሉ። “ልክ ያልሆነችው ልጅቱ ናት።”

ብድግ ብለው ወደ ውስጥ ሲያመሩ “ጠያቂ ከዚህ አያልፍም” አልኳቸው።

“እኔ ጠያቂ አይደለሁም አባቴ፤ ጎረቤት ነኝ” ብለው መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

መጀመሪያ ሹክሹክታ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የልጄን ለቅሶ። ወይዘሮ ሐዋ ሲወጡ ፊታቸው ተለውጧል።

“ገላዋ እሳት ነው። ባጃጅ ይጥሩ፤ አሁኑኑ።”

ሆስፒታል አደረስናት፤ ከወሊድ በኋላ ኢንፌክሽን ይዟት ኖሯል። ሐኪሙ “ጥቂት ዘግይታችሁ ቢሆን…” ብሎ ሳይጨርሰው መርፌውን ማዘጋጀት ጀመረ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ከወይዘሮ ሐዋ ጋር ሕፃኗን አቅፌ ቆሜአለሁ።

“ስጠይቃት ደህና ነኝ ትለኝ ነበርኮ” አልኳቸው።

“‘ለአባቴ ምን ብዬ ልንገራቸው?’ ነው ያለችኝ” አሉ ወይዘሮ ሐዋ። “ምን ታድርግ? ይህ ለአባት የሚነገር ሕመም አይደለም።”

ሊነገራቸው የሚችሉትን ሴቶች ሁሉ አግዳሚ ላይ እያስቀመጥኩ የሸኘሁ እኔ ነኝ።

ልጄ ዳነች። ቤት ስንመለስ አግዳሚውን ፈትቼ ለሕፃኗ አልጋ ሠራሁበት። ወይዘሮ ሐዋ ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ በፊት እየመጡ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባሉ። እኔ ውጭ አገነፋለሁ። ሁለቱ ውስጥ ሲሳሳቁ እሰማለሁ፤ ሳህኑም ተጠርጎ ይወጣል።

አሁን ታናሿ ልጄ ስመኝ እዚሁ ቢቸና ነፍሰ ጡር ናት። ዘንድሮ ገብስ ሳልገዛ፣ እንጨት ሳልጠርብ በፊት ጠራኋት።

“ለእኔ የማይነገረውን ለማን ትነግሪያለሽ?”

“የይታይሽን ጎረቤት፣ ወይዘሮ ሐዋን ቢያመጡልኝ” አለች።

ማር ይዤ ሞጣ ሄድኩና ለመንኳቸው። “እመጣለሁ” አሉ። “ገንፎውን ግን እርስዎ ነዎት የሚያገነፉት። የእርስዎን ከቀመስኩ ወዲህ የሌላ ሰው አልጥም ብሎኛል።”

ይህን የተናገሩት ሰው ፊት ነው። ገንፎዬ ልክ እንደነበር እኔስ ድሮም አውቅ ነበር። አሁን ግን ሳህን ሳይነካ ሲመለስ፣ ገንፎውን ሳልቀምስ መጀመሪያ ሴት እጠራለሁ።