የአባቴ ጠባብ ቀለበት

አባዬ በያጅ ነው። በካዛንቺስ የሰፈራችን ግማሽ በር፣ መስኮትና የአጥር ፍርግርግ ከእሱ እጅ የወጣ ነው፤ አንዱም ዘመመ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አሁን የማወራው ነገር ሥራ የማይችል ሰው እንዳያስመስለው ነው። ይችላል። አንድ ቀን ብቻ ተሳሳተ፣ እኔም በዚያች ስህተት እንጀራ በላሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ የቀበሌያችን ሰዎች ወጣቱ ከሥራ ፈትነት ይዳን ብለው ከመዝናኛው ጀርባ ያለችውን ባዶ ቦታ ሲሚንቶ አስፈሰሱባትና የቅርጫት ኳስ ሜዳ ትሁን አሉ። ቦርዱን አናጢ ሠራው። ቀለበቱን ለአባዬ ሰጡት። አባዬ ደግሞ ቅርጫት ኳስ የሚባል ጨዋታ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። "ኳሱን አምጡልኝና ልለካው" አለ። ቅርጫት ኳሱ ገና አልተገዛም ነበርና የሰፈሩ ጎረምሶች ያላቸውን የእግር ኳስ ይዘውለት ሄዱ። ኳስ ያው ኳስ አይደል? አባዬ ለካ፣ እንዳይጨናነቅ ብሎ ለጥቂት ጨመረበት፣ ፌሮውን አጎበጠ፣ በየደ፣ ቀይ ቀለም ቀብቶ ሰቀለው።

የምረቃው ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግር አደረጉ። ከዚያ ወርውረው ቢስቱ እንደሚያፍሩ ገብቷቸው ነው መሰል፣ መሰላል አስመጡና ወጥተው አዲሷን ቅርጫት ኳስ በክብር ቀለበቱ ላይ አኖሯት። ኳሷም ማቶት ላይ እንዳለ ጀበና እዚያው ቁጭ አለች። ሰፈሩ በሙሉ በሳቅ አውካካ። አባዬ ከሰዎቹ መሃል ቆሞ ነበር፤ የእኔን እጅ ይዟል፤ እጄን ጠበቅ አድርጎ ሲይዘኝ ይሰማኛል።

በማግስቱ ቀለበቱን አውርዶ አጋለና በመዶሻ እየቀጠቀጠ ሰፋ አደረገው። አሁን ኳሷ ታልፋለች። ታልፋለች ስል፣ ከላይ ቀጥ ብላ መሃል ለመሃል ከወረደች ነው፤ ትንሽ ከዘነበለች ተመልሳ ግንባርህን ትልሃለች። አንድ የስፖርት አስተማሪ መጥቶ አይቶ፣ "ጋሼ፣ ትክክለኛው ቀለበት እኮ የዚህ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው" አለው።

"ኳሷ አለፈች አላለፈችም?" አለ አባዬ።

"አለፈች።"

"በቃ። ጎበዝ ከሆናችሁ አግቡ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ተባለ። ቀለበቱ "የመርፌ ቀዳዳ" የሚል ስም ወጣለት። እድር ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ ጠባብ በር በተገኘ ቁጥር "ይሄም የእርስዎ ሥራ ነው እንዴ?" የሚለው አይጠፋም። አባዬ አብሯቸው ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን አይስቅም። እራቱን ዝም ብሎ ይበላና ይተኛል፤ እኔም አየዋለሁ።

እኔ ደግሞ ቁመቴ ገና በልጅነቴ ከበር በላይ ሆነና ሰፈሩ "ግመሏ" ይለኝ ነበር። የመርፌ ቀዳዳና ግመል ከአንድ ቤት ሲወጣ አስቡት፤ የካዛንቺስ ተረበኛ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ልጆቹ ጥቂት ቀን ሞክረው ሞክረው ሲያቅታቸው ወደ እግር ኳሳቸው ተመለሱ፣ ሜዳዋ ለእኔ ቀረች። ለምን ቀረሽ ብትሉኝ የስፖርት ፍቅር ነው ብዬ አልዋሽም። እልህ ነው። በአባቴ ቀለበት ኳስ እንደሚገባ ለዚያ ሁሉ አፍ ላሳይ ፈለግኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እወረውርና እስኪመሽ እጥላለሁ። ኳሷን ወደ ቀለበቱ ሳይሆን ወደ ሰማይ መላክ እንዳለብኝ የገባኝ ብዙ ጊዜ ፈጅቶ ነው። ከፍ ብላ ስትሄድ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ቀጥ ብላ ከወረደች ቀዳዳው ይበቃታል። በመጨረሻ መግባት ጀመረች። አንዳንድ ቀን አባዬ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ያየኝና ወደ ሥራው ይመለሳል።

ከዚያ ማትሪክ ወደቅኩ። እማዬ ደላላ አነጋግራ ቤሩት ልትልከኝ ቆረጠች። የሰው ቤት ሠራተኛ ልሆን ማለት ነው። ክፉ ሆና አይደለም፤ የሰፈሩ ሴት ልጆች ሁሉ እየሄዱ ነበር፣ ሌላ መንገድ አልታያትም። የፓስፖርት ፎቶ ተነሳሁ። እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ለሴቶች ቡድኑ ተጫዋች ሊመለምል መሆኑን የሰማሁት። ያን ጊዜ ክለብ ማለት መሥሪያ ቤት ነው፤ ቡድኑ ውስጥ ከገባሽ ቋሚ ሠራተኛ ሆነሽ ትቀጠሪያለሽ፣ ጠዋት ቢሮ፣ ከሰዓት ሜዳ። እማዬን ለመንኳት። "ሂጂና ሞክሪ፤ ካልወሰዱሽ ግን ቤሩት ነው፣ ሁለተኛ አታስቸግሪኝም" አለች።

ሙከራው ሜክሲኮ አካባቢ ነበር። ገና ሜዳውን ሳይ ቀና ብዬ ቀለበቱን አየሁና ክው አልኩ። ይሄ ምንድን ነው? በርሜል ነው እንዴ የሰቀሉት? ለሕፃናት መለማመጃ መሰለኝ። ኳስ ማንጠር ላይ ከሁሉም አነስኩ፤ ካዛንቺስ ማን አስተምሮኝ። ሩጫውም ላይ ከኋላ ቀረሁ። አሰልጣኙ፣ ፂማቸውን እያሻሹ የሚያወሩ ሰው፣ "ልጄ፣ ቁመት ብቻውን አይጫወትም" ብለው ወደ ጎን ሊያወጡኝ ሲሉ ቤሩት ታየችኝ።

"ጋሼ፣ ሳልጥል አያስወጡኝ" አልኳቸው።

ጣልኩ። ኳሷ ሰማይ ሄዳ ወረደችና ገባች። ደገምኩ፣ ገባች። ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከሩቅ፤ በዚያ በር በሚያህል ነገር መሳት እንዴት ይቻላል? ሌሎቹ ልጆች መለማመዳቸውን ትተው ቆመው አዩኝ።

"ማነው ያሰለጠነሽ?" አሉ አሰልጣኙ።

"አባቴ።"

"ተጫዋች ነበሩ?"

"በያጅ ነው" አልኩ። ሳቁ። ይሳቁ፤ በዚያው ሳምንት ተቀጠርኩ።

ቤት ስገባ አባዬ ሞርሳው ላይ ብረት አስሮ እየሞረደ ነበር። ማለፌን ስነግረው ሞረዱን አስቀመጠ፣ ሳመኝ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ እያየ ጠየቀኝ። "የእነሱ ቀለበት እንዴት ነው?"

ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ ዝም ያለ እራት ትዝ አለኝ። "ልክ እንደ አንተው ነው፣ አባዬ" አልኩት።

"አላልኩም?" አለና ሞረዱን አነሳ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስናገር ኩራቴን አልደብቅም። ጠዋት መዝገብ ቤት ፋይል እያወጣሁ፣ ከሰዓት እየተጫወትኩ፣ ጉልበቴ እምቢ እስኪል ድረስ ኖርኩበት። ዋንጫ አንስቻለሁ። የአገሬን ማሊያ ለብሼ ባሕር ማዶ ተጫውቻለሁ። እማዬ፣ ያቺ ቤሩት ልትልከኝ የነበረችው፣ ቁምጣዬን በገዛ እጇ ትተኩስልኝ ጀመር። ለገሃር ታክሲ ስጠብቅ "ያቺ ሰማይ ለሰማይ የምትጥለዋ" ሲሉ እሰማለሁ፣ ያልሰማሁ እመስላለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው ታክሲው ውስጥ የምገባው። አባዬ ብቻ ሜዳ መጥቶ አያውቅም። "ሥራ በዝቶብኛል" ይላል። ሁልጊዜ ወንበሮቹን አያለሁ፣ አጣዋለሁ። ይከፋኛል፣ ደግሞም ደስ ይለኛል፤ ቢመጣ ቀለበቱን ያየዋላ።

መጫወት ካቆምኩና ልጆች ማሰልጠን ከጀመርኩ በኋላ ነው ሰፈራችን ለልማት ይፈርሳል የተባለው። ብየዳ ቤቱን ልናጸዳ ገባን። ከቁርጥራጭ ላሜራ ሥር አንድ ቀለበት አወጣሁ። ዝጓል። የመረብ ማንጠልጠያው ሳይቀር ተበይዶበታል። ሜትር አላስፈለገኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ልክ ነው፣ ትክክለኛው።

"ይሄ መቼ የተሠራ ነው?"

አባዬ ኩርሲው ላይ ተቀመጠ። "ያ አስተማሪ በመጣ ሰሞን። ሄጄ የሌላ ሜዳ ለክቼ መጣሁ።"

"ታዲያ ለምን አልሰቀልከውም?"

"መጀመሪያ እልህ ነው፣ ልንገርሽ። ያ ሁሉ ሰው ስቆብኝ፣ ተሳስቻለሁ ብዬ መሰላል ልወጣ? ኋላ እልሁ ሲበርድልኝ ልሰቅለው ተሸክሜው ወጣሁ። አንቺ ስትጥይ አየሁ። ገባልሽ። በጠባቡ ከለመደች ሰፊው አያቅታትም አልኩና መለስኩት። ሰዉ እንደሆነ ስቆ አይጠግብ፤ ይሳቅ።"

"እንግዲያው እንደ አንተው ነው ስልህ..."

"መዋሸትሽን አውቄያለሁ። እያንዳንዱን ትልቅ ግጥሚያሽን አይቻለሁ እኮ፤ ከኋላ፣ ከበሩ ዘንድ ቆሜ። ካየሽኝ ውሸትሽ ይፈርስብሻል ብዬ ነው። ለእኔ ብለሽ የሠራሽውን በምን አንጀቴ ላፍርስ?"

አለቀስኩ። እሱ የብረት መቁረጫ ፍሌክሲብሌውን አንስቶ ወደ ሜዳዋ ሄደና የመርፌ ቀዳዳውን ከነጋጠሚያው ቆርጦ አወረደው።

አሁን ልጆች በማሰለጥንበት ሜዳ አንደኛው ጎን ላይ ተሰቅሏል። አዲስ የሚመጡት ሁሉ "ኮች፣ ይሄ እኮ ተሳስቷል" ይሉኛል። "ኳስ ያልፋል፤ ጎበዝ ከሆናችሁ አግቡ" እላቸዋለሁ። አባዬ አርጅቷል፣ የገባንበትን ኮንዶሚኒየም ደረጃ መውረድ ይከብደዋል። ማታ ስገባ ግን ሳይጠይቀኝ አይቀርም።

"ዛሬስ ገባላቸው?"

"ኧረ አልገባላቸውም፣ አባዬ።"

"ይገባላቸዋል" ይላል። "አንቺም እንደዚሁ ነበርሽ።"