የሁለተኛው እትም ካርታ

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ካርታውን ያበላሸሁት በገዛ እጄ፣ ያውም ላጸዳ ብዬ ነው።

ኩዌት፣ ሳልዋ ሰፈር፣ በምሠራበት ቤት የማዳም አባት አሉ። ባባ እላቸዋለሁ። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሻይ እንኳ ግማሽ ብርጭቆ ነው የምቀዳላቸው። እኚህ ሰው ካይሮ ከሚኖሩት የተማሪ ቤት ጓደኛቸው ጋር በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ በስልክ ጦርነት ይዋጋሉ። የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ጠረጴዛውን ሙሉ የሚሸፍን የበረሃ ካርታ አለው፤ ካርታው ስድስት ጎን ባላቸው ትንንሽ ቤቶች ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁጥር አለው። በላዩ ላይ ጥፍር የሚያህሉ የካርቶን ጠጠሮች ይደረደራሉ፤ አንዱ ታንክ ነው፣ አንዱ እግረኛ፣ አንዱ ነዳጅ የጫነ መኪና። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ዓይነት ካርታ በየቤታቸው ዘርግተዋል። አንዱ ቁጥር ሲጠራ ሌላው እዚያው ቁጥር ላይ ጠጠሩን ያኖራል። የባባ እጅ ጠጠሮቹን ስለሚበትናቸው የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሥራ ነበር የማየው። እዚያ ቤት አራት ዓመት ሲሆነኝ ግን ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ዕቃ የማጥበው በጥድፊያ ሆነ።

እያሸነፍንም ነበር። የካይሮው ሰውዬ ነዳጃቸው ሁሉ የተከማቸው አንዲት ወደብ ውስጥ ነው፤ ታንኮቻችን ደግሞ ከወደቧ ሁለት ቤት ርቀው ቆመዋል። አንድ ተራ ብቻ ነበር የቀረን።

ታዲያ በዚያ ሳምንት ጉባር መጣ። ኩዌት ውስጥ ጉባር ሲነሳ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል፣ ጥርስ ውስጥ ሳይቀር ይንቋቋል። እኔ ደግሞ የባባን መስኮት ሳልዘጋው ረስቼ ነበር። ከጉባር በኋላ በዚያ ቤት ደንቡ አንድ ነው፤ ማዳም ጣቷን ከጣሪያ እስከ ወለል ታዞርና «ኩሉ» ትላለች፤ ሁሉም ይወልወል ማለቷ ነው። ጠጠሮቹ የቆሙበትን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፤ ከዚያ በየሳህኑ ለየኋቸው። እስከዚህ ድረስ አስተዋይ ነበርኩ። ቀጥዬ ጨርቅ አረጠብኩ፣ ጨርቁ ላይ እንደ ልማዴ ትንሽ በረኪና ጠብ አደረግኩና ካርታውን ከዳር እስከ ዳር ወለወልኩት። ሰባት ዓመት ቤት በበረኪና ሲያጸዳ የኖረ እጅ ሌላ ምን ያውቃል? ወደቧ ከነባሕሯ፣ ቁጥሮቹም ከነመስመራቸው ተነስተው ጨርቄ ላይ ቀሩ። ፎቶውም ጠጠሮቹ የት እንደቆሙ ያሳያል እንጂ ደቃቆቹ ቁጥሮች አይነበቡበትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነው፤ እኔማ የምለቅመውም አልነበረኝ።

ባባ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ካርታውን አዩትና «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እሱ እኮ ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ ደረቱን ሊከፍቱት ነው። ከዚያ በፊት መጫወት አለብን» አሉኝ። ጓደኛቸው የልብ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ እንዳላቸው ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሐኪሞቹም በዕድሜያቸው ምክንያት ብዙ ተስፋ አልሰጧቸውም ነበር። ሦስት ሐሙስ ነበረን ማለት ነው። ጦርነቱን በድል ጨርሰን እንድንሰነባበት የፈለጉ መስሎኝ ካርታ ካላገኘሁ እንቅልፍ የለኝም አልኩ።

ማዳም ከካይሮ ፎቶ አስልካችሁ ለምን አታሳትሙትም አለች። አስላክን፤ የሰውዬው እጅ ከባባ እጅ የባሰ ኖሮ የመጣው ፎቶ ግማሹ ካርታ ግማሹ አውራ ጣት ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት የስልክ ላይ ገበያ ገባሁ።

ይህ ጨዋታ ሦስት እትም አለው። የሳጥኑ ሥዕል በሦስቱም ያው ነው፤ ካርታው ግን አንድ አይደለም። በሁለተኛው እትም፣ ማለትም በኛና በካይሮው፣ ቁጥሩ የሚጀምረው ከባሕሩ ጥግ ነው፤ በሦስተኛው ከበረሃው ጥግ። እኛ ሦስተኛውን ይዘን እሳቸው ቁጥር ቢጠሩልን ታንኩ ባሕር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሻጮቹን የምለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እባክህ ሳጥኑን ክፈትና የባሕሩን ጥግ ፎቶ ላክልኝ።» አንዱ የሳጥኑን ፊት ላከ። የባሕሩን ጥግ አልኩት፤ የሳጥኑን ጀርባ ላከ። ሌላው የባሕር ሥዕል ላከልኝ፤ የራሱን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። አንዱማ ስሜን አይቶ «ማዳምሽን አቅርቢልኝ» አለ። ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ ሆነብኝ።

ፋርዋኒያ የሚባል ሰፈር አንድ ባለ ሱቅ ሁለተኛው እትም አለኝ ብሎ ስለማለ አርብ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በአውቶቡስ ሄድኩ። የዕረፍት ቀኔ እኮ ነው፤ ጓደኞቼ ከምሳው ዙሪያ ተቀምጠው እየጠሩኝ ነበር። ሰውዬው አሮጌውን ሳጥን አዲስ ይምሰል ብሎ በላስቲክ ጠቅልሎታል። ክፈትልኝ ስለው «ከተከፈተ አሮጌ ይሆናል» አለኝ። እትሙ ስንተኛ ነው አልኩት። «ሴም ሴም፣ ዋላህ ሴም ሴም» አለ፤ ሁሉም ያው ነው ማለቱ ነው። ጥርሴን ነክሼ ገዛሁት። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ላስቲኩን ቀድጄ ካርታውን ጉልበቴ ላይ ስዘረጋው ቁጥሩ ከበረሃው ጥግ ነው የሚጀምረው። አጠገቤ የቆሙ ሰዎች የጠፋብኝ መንገድ መስሏቸው ወዴት ነው የምትሄጂው ብለው ጠየቁኝ።

ሁለተኛው ሐሙስ በዚሁ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ከኩዌት ሲቲ መልስ ሰጠችኝ። የላከችው ፎቶ የሳጥኑ ጎን ነበር፤ በደቃቅ ጽሕፈት ሁለተኛ እትም ይላል። ባባም ካልሄድኩ አሉ፤ ሹፌሩና እኔ ደግፈን ወደ ቤቷ በሊፍት አወጣናቸው። ሳጥኑ ውስጥ ጠጠሩ አለ፣ ደንቡ አለ፣ ካርታው የለም።

«ካርታውማ ያውላችሁ» አለችን። በወርቅማ ፍሬም ተደርጎ፣ ከመስታወት በስተጀርባ፣ ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል። ባሏ የተወው ዕቃ ነው፤ ከሶፋው ጋር ስለሚሄድላት አትሸጠውም። ባባ ወደ ግድግዳው ተጠግተው በመስታወቱ ላይ ወደቧን በጣታቸው ይፈልጋሉ፣ እሷ ደግሞ መስታወቱ አሻራ እንዳይዝ በዓይኗ ትከተላቸዋለች። ያን ጊዜ ለማመሳከር ይዤው የወጣሁት የፋርዋኒያው ካርታ መኪናችን ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ። ወርጄ አመጣሁና ከሶፋው በላይ ዘርግቼ ያዝኩላት። «ማዳም፣ ያንቺ ደብዝዟል። የዚህን ባሕር እይው፣ ከመጋረጃሽ ጋር አንድ ነው» አልኳት። መጋረጃዋን አየች፣ ባሕሩን አየች፣ ደግማ መጋረጃዋን አየች። ፍሬሙን ፈትቼ፣ ካርታውን ቀይሬ፣ መስታወቱን ወልውዬ መልሼ የሰቀልኩትም እኔው ነኝ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ፎቶውን እያየሁ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ መለስኳቸው። ታንኮቻችን ከወደቧ ሁለት ቤት ርቀው ቆሙ። ባባ ደወሉ። የካይሮው ሰውዬ ድምፅ ቀጥኗል፤ ትንሽ ይናገሩና ትንፋሽ ይሰበስባሉ።

«እናንተ ናችሁ ተረኞቹ» አሉ።

እኔ ሁለቱን ታንኮች በጣቶቼ ይዤ የወደቧን ቁጥር እጠብቃለሁ። ባባ በጆሮዬ የጠሩልኝ ግን ወደ ኋላ፣ ባዶ በረሃ ውስጥ ያለ ቤት ነው። ሰው ይሳሳታል ብዬ ወደቧን በጣቴ አሳየኋቸው። አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ባባ፣ ነዳጁ እኮ እዚህ ነው። በአንድ እርምጃ እንጨርሳለን» አልኩ በሹክሹክታ።

ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ታዲያ ለመሸሽ ነው ሦስት ሳምንት ያንከራተቱኝ?» ቁጣዬ አመለጠኝ። «ለመሸሽማ የትኛውም ካርታ ይበቃ ነበር።»

«አይበቃም። ቁጥሩ ካልገጠመ ካርታው ነው ይላል። በትክክለኛው ካርታ ላይ ስሳሳት ግን ያምነኛል» አሉኝ። ቀጥለውም «ዛሬ ካሸነፍነው እሑድ ኦፕራሲዮን ሲገባ የሚጠብቀው ነገር አይቀረውም። ተራው የሱ ይሁን» አሉ።

ንዴቴ ወዲያው አልበረደም፤ እውነቱን ለመናገር እስካሁንም ያቺ ወደብ ታቃጥለኛለች። ታንኮቹን ግን መለስኳቸው። ባባ መዳፋቸውን ከስልኩ አነሱና ወደኔ ዘረጉት። ስልኩን ተቀበልኳቸውና ቁጥሩን እኔ አነበብኩ።

«ተራው የእርስዎ ነው» አልኩ።

ከካይሮ ጠጠር ካርቶን ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሳል የተቀላቀለበት ሳቅ።

«ፈራችሁ ማለት ነው» አሉ። «ቆይ ብቻ፣ ከአልጋ ልነሳ፤ አሳያችኋለሁ።»